ተማሪና የድርሰቱ ሰዓቶች



ዛሬ በዚህ አዳራሽ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፥ ተማሪ ድርሰት ሲጽፍ ምን ዓይነት ልማድ ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። ርእሱን የሰጡኝ ሰዎች ምናልባት የሰዋስውን ሕግና የነጥብን አገባብ እንዳስረዳ ጠብቀው ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን የሚያስተምሩ መጻሕፍት በየቤተ መጻሕፍቱ ስላሉ፥ እኔም ከእነርሱ የተሻለ የምለው ስለሌለኝ፥ ጽሕፈቱ በወረቀት ላይ ታይቶ ከመነበቡ በፊት በጸሐፊው ልቡናና በሥራው ሰዓት ውስጥ የሚሆነውን ነገር፥ እርሱንም በተማሪነቴ ዘመን በራሴ ላይ እንደ ተመለከትሁት ልናገር መርጫለሁ።

በአገራችን ጥንታዊ ትምህርት ድርሰትና ጽሕፈት የአንድ ሰው ሥራ ይሆኑ ዘንድ ግዴታ አልነበረም። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆና አለስልሶ፥ በወስፌ አሥምሮ፥ መቃ ብርዑን ከጥላሸትና ከተቆላ እህል በተበጀው ጥቁር ቀለም እየነከረ፥ የቅዱሳንን ስም ሲያገኝ ደግሞ ወደ ቀዩ ቀለም እየተመለሰ፥ ሌላው የደረሰውን ቃል በትዕግሥት የሚገለብጥ ባለ ሙያ ነበር፤ ቅኔ የሚያፈልቀው ሊቅ ግን ብርዕ በእጁ ሳይጨብጥ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችል ነበር፥ ማንም ስለዚህ አላዋቂ አይለውም። ይህም በእኛ ብቻ የታየ አይደለም፤ ነቢዩ ኤርምያስ ቃሉን በአፉ ሲናገር ባሮክ በመጽሐፍ ክርታስ ይጽፍ ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ እንደ ሆነ፥ ጤርጥዮስ ራሱ በመልእክቱ ፍጻሜ ሰላምታውን ሲያቀርብ ይነግረናል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ ሕፃን ትከሻ ላይ አኖረው። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ በዚያው ዓመትም «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መታተም ሲጀምር፥ ማንበብና መጻፍ የካህናትና የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ሀብት ብቻ ከመሆን አልፎ ለብዙኃኑ ይደርስ ዘንድ በር መከፈቱ የታወቀ ነው፤ እኔም ለዚህ በር ባለ ዕዳ ነኝና ልነቅፈው አልተነሣሁም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ የሆነውን ተመልከቱ፤ መምህሩ ርእሱን በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፥ ተማሪውም ወዲያው ደብተሩን ገልጦ ሐሳቡን እንዲፈልግ፥ ያገኘውን በመልካም ቋንቋ እንዲያሰናዳ፥ በንጹሕ እጅ እንዲጽፍ፥ ስሕተቱንም ራሱ እንዲያርም በአንድ ክፍለ ጊዜ ይታዘዛል። ሊቁንም፥ ቁም ጸሐፊውንም፥ መምህሩንም ባንድ ጊዜ ሁን መባሉ ነው። ልጁ ብርዑን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቢታይ ሰነፍ ተብሎ ሊገሠጽ አይገባውም፤ ሦስት ሠራተኞች በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ሲጋፉ አንዳቸውም ሥራቸውን ሊሠሩ ስላልቻሉ ነው።

እኔ የማምነው ነገር ይህ ነው፤ የጥንቱ ሥርዓት በሰዎችና በሰዓታት ለይቶት የነበረውን ሥራ፥ የዛሬው ተማሪ በሰው ሊለየው ባይችል እንኳ በሰዓት ሊለየው ይገባል። ይህን ያወቅሁት በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ከቅኔ ቤትም ከዘመናዊው ትምህርት ቤትም በመቀመጤ ነውና ስለ ቅኔ ቤቱ በመጠኑ ላውሳ።

ማታ መምህሩ ግሱን ያስገሣሉ፥ አገባቡን ይፈታሉ፥ ቅኔም ይዘርፋሉ፤ ተማሪው ያን ሰምቶ፥ በቃሉም ይዞ ያድራል። በማግሥቱ ደበሎውን ደርቦ ከጎጆው ይወጣና ወደ ወንዝ ዳር፥ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ ወደ አንድ ዛፍ ሥር ሄዶ ብቻውን ይቀመጣል፤ በዚያም ቅኔ ይቆጥራል። ወረቀትና እርሳስ የሉትም፤ የቅኔውን ቤት በኅሊናው እየሠራ፥ እያፈረሰ፥ ሰሙ ከወርቁ ጋር አልገጥም ሲለው ከሥር እየጀመረ ይውላል። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፥ ወደ ሚበዝኁ፥ ወደ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለዕለት ጉርሱ አኮፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ ስለሚለምን፥ ውሻ ሲያባርረው እንኳ በልቡ የያዘው ቤት እንዳይጠፋበት የሚታገል ተማሪ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያም የነገራ ሰዓት ሲደርስ በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ይቀርባል፤ ቃሉን ያሰማል፤ ዝርዝሩ የተፋለሰ እንደ ሆነ፥ ምሥጢሩም የጎደለ እንደ ሆነ በዚያው ይታረማል። የእርሱ እርማት ለጓደኞቹ ትምህርት ነውና ሌሎቹም ዙሪያውን ተቀምጠው ይሰማሉ። ትናንት የተነገረው ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላውን ቅኔ የእኔ ብሎ መቅረብማ ከቤቱ የሚያስወጣ ያህል ነውር ነው።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደንቁት የተማሪውን የማስታወስ ኃይል ነው፤ እርሱም መደነቅ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ መምህሩ ተማሪውን ወደ ዱር ተከትለው የማይሄዱ መሆናቸው ነው። ልጁ ሐሳቡን በሚፈልግበት ሰዓት ዳኛ በአጠገቡ የለም፤ የተፋለሰ ቤት ቢሠራ የሚሰማው ወፍ ብቻ ነው። ዳኛው የሚመጣው ሥራው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ በመጣ ጊዜም ያለ ርኅራኄ ይፈርዳል። ነጻነቱና ፍርዱ ሁለቱም ምሉዕ ሆነው የሚገኙት ስላልተደባለቁ ነው።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ከቅኔ ቤት ይዤው የመጣሁት ግእዝ ለፈተና እምብዛም አልጠቀመኝም፤ ይህ ልማድ ግን ጠቀመኝ። የድርሰት ርእስ በተሰጠን ቀን ብርዕ ከማንሣት እቆጠብና፥ ከትምህርት ቤት ወደ ማደሪያዬ የሚወስደውን መንገድ በእግሬ እየሄድሁ ነገሩን በልቤ አመላልሰው ነበር። ዱሩ ቀርቶ መንገዱ ተተካ ማለት ነው። ማደሪያዬ ስደርስ በአሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ፥ ያውም በእርሳስ፥ የመጣልኝን ሁሉ እንደ መጣ እጽፋለሁ፤ በዚያ ሰዓት ንጉሡን «ሠ» በእሳቱ «ሰ» ብለውጥ፥ ዐረፍተ ነገሩም ግማሽ መንገድ ላይ ቢቀር አልመለስበትም። ለምን በእርሳስ የሚል ቢኖር፥ እርሳስ ክብር የሌለው ዕቃ በመሆኑ ነው፤ በቀለም የተጻፈ ነገር የተጠናቀቀ መስሎ ስለሚታይ ጸሐፊውን ያስፈራዋል፥ ከተጻፈ በኋላም ለመሰረዝ እጁ ያመነታል። ቀለሙን ለመጨረሻው ሰዓት፥ ለቁም ጸሐፊው ሰዓት አቆየው ነበር። የመምህሩ ሰዓት ደግሞ የማግሥቱ ማለዳ ነው።

ይህ የማለዳ ሰዓት ምን ይሠራ እንደ ነበረ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ጊዜ «ስለ ገበያ» ጻፉ ተባልን። ማታ በእርሳስ የጻፍሁት ወረቀት ሲጀምር «ገበያ ለሰው ልጅ ኑሮ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት ነገሮች አንዱ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም» ይላል። በማለዳ ይህን ሳነብ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ገበያ ሄዶ የማያውቅ ሰው ይህን ሊጽፍ ይችላልን? ይችላል። እንግዲያው ይህ ቃል የእኔ አይደለም፤ ለማንም ካልተሰወረ ደግሞ ለመምህሩ መንገር ምን ያደርጋል? ወደ ታች ስወርድ ግን በተጣመመ ጽሕፈት ሌላ መስመር አገኘሁ፤ ቅቤ ሻጯ፥ ገዢው በጣቱ ጫር አድርጎ አሽትቶና ቀምሶ ዋጋው ሳይስማማው ሲሄድ፥ የጣቱን ፈለግ በኮባው ቅጠል አለስልሳ ታጠፋው ነበር፥ የሚል ነው። ይህን ከገበያ በቀር ሌላ ስፍራ ላገኘው አልችልም። ሴትዮዋ ያን ፈለግ ለምን ታጠፋለች? የሚቀጥለው ገዢ ሌላ ሰው ቀምሶ የተወው ቅቤ መሆኑን እንዳያውቅ ነዋ! እርሱም ቢሆን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም በዋጋው ላይ ይከራከራል። ስለዚህ የፊተኛውን አንቀጽ ከነክብሩ ሰረዝሁትና ድርሰቱን ከቅቤ ሻጯ ጀመርሁ፤ ነገሩም ስለ ገበያ አስፈላጊነት መሆኑ ቀርቶ፥ የማይተዋወቁ ሻጭና ገዢ በምን ምልክት እንደሚተማመኑና እንደሚጠራጠሩ የሚናገር ሆነ። ይህን ማታውኑ ላየው አልችልም ነበር፤ ማታ የሚፈልገው ልቡና የሚፈርደው ልቡና አይደለምና።

ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ፍለጋ ሰዓታቸውን ሲጨርሱ አያለሁ። የድርሰት መጀመሪያ በገጹ ራስ ላይ ይጻፍ እንጂ በሥራው መጀመሪያ ላይ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በረቂቁ መካከል፥ አንዳንዴም በመጨረሻው መስመር ላይ ተደብቆ ይገኛል።

ከማለዳው ፍርድ በኋላ ነገራ ያስፈልጋል። በቅኔ ቤት የነበረው መምህር በዘመናዊው ትምህርት ቤት በፈለግሁት ጊዜ የማገኘው ስላልነበረ፥ አብሮኝ ለሚያድረው ጓደኛዬ ድርሰቴን በድምፅ አነብለት ነበር። ይህ ጓደኛዬ ሒሳብ ወዳድ እንጂ ለድርሰት ደንታ የሌለው ሰው ነበረ፤ እርማቱንም በቃል አይነግረኝም። ያዛጋል። በሚያዛጋበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርግና በኋላ ስመለስበት፥ ወይ ነገሩን ደግሜዋለሁ፥ ወይ ከምናገረው ነገር ርቄ ሄጃለሁ፥ ወይም ዐረፍተ ነገሩ ከልክ በላይ ረዝሟል። በአማርኛችን ግሡ በመጨረሻ ስለሚመጣ፥ ባለቤቱን በመጀመሪያው መስመር አስቀምጠን ማሰሪያውን በአምስተኛው መስመር ስናመጣው፥ የሚያነብ ዓይን ወደ ኋላ ተመልሶ ማን ነበር ያደረገው ሊል ይችላል፤ የሚሰማ ጆሮ ግን ወደ ኋላ መመለስ አይችልምና ድካሙን ወዲያው ያስታውቃል። እኔ ራሴ ረጅም ዐረፍተ ነገር የምወድ እንደ ሆንሁ እስካሁን ሳትታዘቡኝ አልቀራችሁም፤ ስለዚህም ነው ይህን ንግግር ወደዚህ ከማምጣቴ በፊት በቤቴ ጮክ ብዬ ያነበብሁት።

ከትርጓሜ ቤት የምንወስደው ሌላ ልማድ አለ። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ አንድ ጊዜ ከተረጎሙ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ፍቺ ያመጣሉ፤ አንዱ ቃል ብዙ ምሥጢር መሸከሙ ለቅዱስ መጽሐፍ ክብሩ ነው፤ በቅኔም ኅብሩ ጌጡ ነው። የተማሪ ድርሰት ግን ጸሐፊው ያላሰበው ሁለተኛ ፍቺ ሲወጣለት ይጎዳል። ስለዚህ በዋና ዋናው ዐረፍተ ነገር ላይ ቆም ብሎ፥ ይህን ቃል የማይወደኝ ሰው ቢያነበው «አንድም» ብሎ ምን ይለዋል፥ ብሎ መጠየቅ መልካም ነው። ይህ ጥያቄ ብዙ አሻሚ ቃል ከገጹ ያስወጣል፤ ከሁሉ አስቀድሞም «አንዳንድ ሰዎች» የሚባሉትን፥ ማንነታቸው የማይታወቀውን ሰዎች ያስወጣቸዋል።

ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር የምለው አጭር ነው። ምሳሌ በንግግር መካከል በራሱ ሲመጣ ነገርን ያበራል፤ ተማሪው ገጹን ለመሙላት ከዚህም ከዚያም ለቅሞ ሲያመጣው ግን፥ የአያቶቹን አሳብ አስቀምጦ የራሱን ሳይናገር ይወጣል። ስለ መገልበጥ ደግሞ፥ የሌላውን ቃል መገልበጥ በራሱ ነውር እንዳልሆነ ቁም ጸሐፊዎቻችን ምስክር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በዚያ ሥራ ፈጽመው መጻሕፍቱን ለእኛ አድርሰውልናል። ነገር ግን ዳዊቱን የገለበጠ ጸሐፊ መዝሙሩን እኔ ደረስሁት አላለም። የዛሬው ተማሪ ከመጽሐፍ ወይም ከኮምፒዩተር የገለበጠውን በስሙ ሲያቀርብ፥ ከቁም ጸሐፊው ሐቀኝነትም ከቅኔ ተማሪው ድካምም ሳይካፈል ይቀራል።

አሁን ረቂቅን ስለ መጠበቅ እናገራለሁ። በትንቢተ ኤርምያስ 36ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ባሮክ ከነቢዩ አፍ የጻፈው ክርታስ በንጉሡ በኢዮአቄም ፊት ተነበበ፤ ወራቱ ክረምት ነበረና በንጉሡ ፊት እሳት ይነድ ነበር፤ ክርታሱን ያነብ የነበረው ይሁዲ የተባለው ሰው ሦስት አራት ዐምድ ባነበበ ቁጥር ንጉሡ በካራ እየቀደደ ወደ እሳቱ ጣለው፥ ክርታሱም ሁሉ ተቃጠለ። ከዚህ በኋላ ኤርምያስ ሌላ ክርታስ አንሥቶ ለባሮክ ሰጠው፤ ባሮክም የፊተኛውን ቃል ሁሉ ዳግመኛ ጻፈ፥ እንደ እነርሱም ያለ ብዙ ቃል ተጨመረበት። ይህን ታሪክ መምህራን ስለ ንጉሡ ትዕቢትና ስለ ቃሉ አለመጥፋት ይተረጉሙታል፤ እኔ በተማሪ ዓይን ስመለከተው ግን ሁለተኛው ጽሕፈት ከፊተኛው ሰፍቶ መውጣቱን አስተውላለሁ። ዳግመኛ መጻፍ ቅጣት የሚመስለው ተማሪ ይህን ምዕራፍ ቢያነብ እወዳለሁ።

የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው፥ ጸሐፊው የዘለለው ቃል በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ላይ በደቂቅ ፊደል ተጨምሮ፥ የተሳሳተውም ተፍቆ ፈለጉ ሳይጠፋ አይቶ ይሆናል። እርማቱ ከጽሕፈቱ ጋር አብሮ ይኖራል። በኮምፒዩተር የሚጽፍ ተማሪ ግን የሰረዘው ሁሉ ወዲያው ከዓይኑ ስለሚጠፋ፥ ትናንት ምን ብሎ እንደ ነበረ፥ ለምንስ እንደ ተወው ዛሬ በቀላሉ ሊያይ አይችልም፤ ስለዚህ ያን ጥፋት በሚመጣው ወር ይደግመዋል። ረቂቃችሁን በየቀኑ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በዓመቱ ፍጻሜ ሰብስባችሁ ስታነቡት፥ ማንም መምህር ያልነገራችሁን የራሳችሁን ልማድ ታገኛላችሁ። እኔ የራሴን ስሰበስብ ያገኘሁት ከሁለተኛው ገጽ ወዲያ «በመሆኑም» የሚለውን ቃል ያለ ልክ እንደማበዛ ነበር፤ ይኸውም አሳቤ ሲደክም አያያዡ ብቻውን እንዲጎትተው መተዌ ነው።

ፈተና ግን ይህን ሁሉ ዕረፍት አይሰጥም በልቡ የሚል ተማሪ ሳይኖር አይቀርም። እውነት ነው። የፈተና ክፍል መንገድም ማግሥትም የለውም። ቢሆንም ሰዓቱ ባጠረ መጠን መለየቱ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ብርዕ ሳይነኩ ማሰብ፥ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ከንፈርን እያንቀሳቀሱ ማንበብ ለማንም አይሳነውም፤ በቤቱ ዓመቱን ሙሉ ለይቶ መሥራት የለመደ ሰውም በፈተናው ቀን ይህን ሳይታወቀው ያደርገዋል።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሰው ውስጥ ሊስማሙ እንደሚችሉ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ቅኔ ቤቶች ተምረው ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገቡ ሰው ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘው ልብ ወለዳቸውም በአማርኛ ከተጻፉት ሥራዎች ሁሉ በብዛት ከሚነበቡት አንዱ ነው። ይህ የሆነው ቅኔ ቤት ስለገቡ ብቻ ነው አልልም፤ ቅኔ ቤት ገብተው አንድ ገጽ ስድ ንባብ ያልጻፉ ብዙ ሊቃውንት አሉና። ዳሩ ግን ቅኔ ቤቱ ለዘመናዊው ብርዕ እንቅፋት ነው የሚሉትን ሰዎች ዝም ለማሰኘት ይበቃል።

ንግግሬን የምፈጽመው በሁለት ልመና ነው። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ደብተሩን ከፊቱ ዘርግቶ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ብታዩት፥ ሥራ ፈታ ብላችሁ ወደ ሱቅ አትላኩት፤ ምናልባት ያ ሰዓት ዋናው የሥራ ሰዓቱ ነውና ጥቂት ታገሡት። መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼም፥ ድርሰት ስታዙ አንድ ቀን ብቻ አትቁረጡ፤ ሁለት ቀን ቁረጡ። በፊተኛው ቀን በእርሳስ የተጻፈውን፥ የተሰረዘና የተደለዘውን ረቂቅ ተቀበሉና ያለ ማርክ አርማችሁ ለተማሪው መልሱለት፤ ማርኩን በሁለተኛው ቀን በቀለም ጽፎ ሲያመጣ ስጡት። ክፍሉ ብዙ ተማሪ እንዳለበት፥ የእናንተም ጊዜ አጭር እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ሁሉን ማረም ባይቻላችሁ በየሳምንቱ ጥቂቶቹን አስነሥታችሁ በጓደኞቻቸው ፊት እንዲያነቡ አድርጉ፥ የቀሩትም ይስሙ።